ባለ ቀስቱ ሰሌዳ

የወንበሩን መሰበር ልብስ ሰፊዋ ከስፌቷ ቀና ሳትል በድምፁ አወቀችው። እናቷ ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቁበት ወንበር ነበር፤ ደግነቱ አሮጊቷ መነጽራቸውን ሊያመጡ ገና መግባታቸው ነው። ዋናው መንገድ ለጥገና ከተዘጋ ወዲህ፣ አንድ መኪና እንኳ በመከራ በሚያልፍበት ቅያሳቸው መኪናው ሁሉ እንደ ጉድ ይጎርፍ ነበር። ቢሮ ለቢሮ ተንከራትታ አቤት ብትል፣ “በእናንተ በኩል እለፉ ያልነው ሰው የለም” ብለው ነበር የመለሷት። ውሸታሞች ብላቸው ወጥታለች።

ወጥታ የወንበሩን እግር ከሰበረው መኪና ጎማ ሥር አንስታ በሾፌሩ መስኮት አሳየችው። “እዚህ እኮ ሰው ይኖራል። ማነው በዚህ ግባ ያለህ?”

“እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ፣ እህቴ? ቅያሱ መግቢያ ላይ ያለው ሰሌዳ ነው ያስገባኝ። የጻፈው ሰው ይባረክ እንጂ፣ እዚያው ቆሜ መዋሌ ነበር።”

እየተንደረደረች ቅያሱ መግቢያ ደረሰች። ሰሌዳው “መውጫ በዚህ በኩል” ይላል፣ ከነቀስቱ። በሰማያዊ ጥላ የተከበቡትን ፊደሎች አላጣቻቸውም፤ የስፌት ቤቷን ማስታወቂያ የጻፈው ያው እጅ ነው። ባሏ ጎንበስ ብሎ የሰሌዳውን ሥር በድንጋይ ያስደግፋል።

“ሾፌሩ ሁሉ መውጫው በየት ነው እያለ በር ሲያንኳኳ ሥራ አስፈታሽ ብዬ ነው” አላት።

የወንበሩን እግር አስጨበጠችው። አገላብጦ አየው። “ጎሽ፣ ጥሩ አመጣሽልኝ። የሰሌዳው አንድ እግር አጥሮ ሲወላገድብኝ ነበር።”

ከወደ ቤት የአማቱ ድምፅ ተሰማ። “ልጆች፣ ወንበሬን የት አደረሳችሁት?”

የወንበሩን እግር ከሰሌዳው ሥር ሊሸጉጥ የዘረጋው እጁ ባለበት ቀረ።