የጋሽ ኪራኮስ ዣንጥላ

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም!» አሉ ጋሽ ኪራኮስ፣ እርጥብ ዣንጥላቸውን ጠቅልለው ቀስ ብለው ሶፋው አጠገብ እያጋደሙ። ትህትናን ለዮኒ ሊጠይቁ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መምጣታቸው ነው። ዮኒ ታች ፓርኪንግ ሎት መኪና ውስጥ ሆኖ «ምን አሉ?» እያለ ቴክስት ያደርጋል። ትህትና ኪችን በር ላይ ትንፋሿን ይዛ ቆማለች። አባቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ደግሞ ገባት፤ «ከዓመት በኋላ ተመለሱ» ሊሉ ነው።

«እንግዲህ...» ብለው ሲጀምሩ፣ ሶፋው ጥግ ምግቧን ስትበላ የነበረችው ድመት ዞር አለች። ዣንጥላ ብርቋ አይደለም። ግን አሁን ባዶ በነበረው ቦታ፣ ልክ ከኋላዋ፣ ጥቁር ረጅም ነገር ተጋድሟል። እባብ ነው አለች መሰለኝ፣ ወደ ላይ ተስፈንጥራ ጋሽ ኪራኮስ ደረት ላይ ተለጠፈች። «በስመ አብ!» አሉና ሶፋው ላይ ዘጭ!

ጋሽ ኪራኮስ አፍረው ሊነሱ ሲሉ የትህትና አባት በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ኧረ ይቀመጡ! የተቀመጠ ሽማግሌ ማስነሳት ነውር ነው» አሉ፣ ሳቃቸው እያመለጣቸው። «በቃ፣ እሺ ብያለሁ!»

ትህትና ለዮኒ «እሺ አሉ!!!» ብላ ላከች። ወዲያው መለሰ፦ «ጋሽ ኪራኮስ አንደኛ! ምን ብለው አሳመኗቸው?» ቀና ስትል፣ ጋሽ ኪራኮስ ድመቷን ነጠላቸው ውስጥ እንደታቀፉ «አደራሽን» በሚል ዓይን ያዩዋታል። እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትመልሱለታላችሁ?