የጋሼ የተሳሳተ ቀን

ሁለት መቶው የሠርግ ጥሪ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። የሙሽራዋ እናት ከላይ ያለችውን አንስተው እያነበቡ ነው። ካርድ ሠሪዋ ምስጋና ትጠብቃለች።

«የእሱ ስም እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ ሴትየዋ።

ካርድ ሠሪዋ ዓይኗን ማመን አቃታት። የአባትና የእናት ስም ጎን ለጎን ታትሟል። ከትናንት በስቲያ እኚሁ ሴት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ባለቤታቸው ጥሏቸው ከወጣ መንፈቅ እንዳለፈው ነግረዋት፣ እሷም ስሙን በገዛ እጇ አጥፍታዋለች። የታረመውን አብረው አይተውታል። ታዲያ ከየት መጣ?

ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ከእርጅናው የተነሣ ቤተሰቡ «ጋሼ» ይለዋል፤ ሲነሣ ያቃስታል፣ ሲያጣድፉት ያኮርፋል። ሳሎን ጥግ ተቀምጦ ቤቱን የሚያስተዳድረው ግን እሱ ነው። ፋይሉን ከፈተች፤ ስሙ አለ። ዘግታ ደግማ ከፈተች፤ አሁንም አለ። አእምሮዬን ልስት ነው እንዴ አለች በልቧ።

የፋይሎቹን ዝርዝር ወደ ታች ስትገፋ፣ ለብቻ ያስቀመጠችውን የታረመ ካርድ ከሁሉም ግርጌ አገኘችው። ካርዱን ባረመችበት ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ጋሼ ቀኑን ይረሳና አሥራ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የምታስተካክልለት እሷ ናት። ያን ቀን ዘነጋችው። ፋይሎችን አዲሱን ከላይ፣ አሮጌውን ከታች አድርጎ የሚደረድረው እሱም የታረመውን ካርድ የጥንት ሥራ አድርጎ ከሥር ቀበረው፤ እሷ ደግሞ እንደ ልማዷ ከላይ ያለውን አተመች።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሁሉንም ጥላ ለነገ ጠዋት አዲስ እንደምታደርስ ማለች። ሴትየዋ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የያዟትን ካርድ ግን አልመለሱም።

«ይችን አንዷን ተዪልኝ፣ ልጄ።»

«ምን ያደርግልዎታል፣ እትዬ? ስሕተት እኮ ናት።»

«እሱንስ በየትኛው ካርድ ልጥራው? ለገዛ ልጁ ሠርግ የእኔ ስም ብቻ ያለበትን ልስደድለት?»

ካርድ ሠሪዋ መሳቢያዋን ከፈተች። ፖስታና እስክሪብቶ አቀበለቻቸው።

ሴትየዋ ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አደላድለው «ለ» ብለው ጻፉ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ደብዳቤ ተጻጽፈው አያውቁም። ምን ብለው እንደሚጠሩት ግራ ገብቷቸው፣ ያችኑ አንዲት ፊደል እያዩ ቀሩ።