ባለ ጃንጥላው መርማሪ

በ1977 ዓ.ም. የቢቸና ቀበሌ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጢም ይል ነበር። በቴሌቪዥኑ አንድ የቆየ የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም ይታያል፤ ወፈፍ የሚያደርጋቸው ሁለት መርማሪዎች የጠፋ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪው ከጎን ቆሜ እተረጉማለሁ፤ ያልገባኝን ከራሴ እጨምራለሁ። ባለ ጃንጥላው መርማሪ ባርኔጣውን የሚያወልቀው የጠፋው ሰው ሞቶ ሲገኝ ብቻ ነው። ያኔ ትርጉም የጠየቀኝ ሰው የለም።

እማማ ይርጋነሽ ሁልጊዜ ፊት ይቀመጣሉ። ልጃቸው ቀለሙ ከሰባት ዓመት በፊት «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከሞጣ እንደተወሰደ አልተመለሰም። ለቅሶ ግን አልተቀመጡም። «ይመጣል» ይላሉ።

አንድ እሑድ፣ «አንተ አስተርጓሚ፣ የዚህን ባለ ጃንጥላ ቃል ብቻ ነው እንዴ የምታመጣልን? የኛንም አድርስለት እንጂ» አሉኝ። «ቀለሙ የት እንዳለ ጠይቅልኝ።»

«እማማ፣ ቀበሌ ያላወቀውን እሱ በምን ያውቃል?»

«ቀበሌማ ያውቃል። አይናገርም እንጂ።»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩን ወደ ቀልድ ልመልሰው ብዬ ለቴሌቪዥኑ እጅ ነሳሁና በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት፦ ቀለሙ የት ነው?

ባለ ጃንጥላው ንግግሩን አቋረጠ። ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ገጽ ገለጠ፤ አነበበ። ባልደረባውን አየው። ከዚያ ፊቱን ወደኛ፣ ወደ ፊተኛው ወንበር አዙሮ ባርኔጣውን አወለቀ።

ምንም አልተረጎምኩም። እማማ ይርጋነሽ ቀስ ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።