ቀድሞ የደረቀ ቫርኒሽ

ዐቃቤ ሕጉ ያን ቀን እያፏጨ ነው ፍርድ ቤት የገባው። የመጀመሪያው የግድያ ክሱ ነው፤ ያውም ተልጦ የቀረበለት።

ተከሳሹ አናጢ ነው። ከመቆሚያው ርብራብ በላይ ፀጉሩ ብቻ ይታያል። የእህቱን ባል፣ የሥራ ሸሪኩን፣ ሱቃቸው ውስጥ ገፍትሮ ገድሏል። እሱም አልካደ።

«መዶሻ ይዞ መጣብኝ። ገፋሁት። ወደቀ» ይላል።

ያየ ሰው የለም። አስቦበት ከሆነ ገመድ ይጠብቀዋል፤ ድንገት ከሆነ ቤቱ።

ዐቃቤ ሕጉ ወደ በሩ ጠቀሰ። ፖሊሶች የሬሳ ሣጥን ተሸክመው ገቡ። ከሱቁ ጓዳ፣ ከፍቅፋቂ ክምር ሥር የተገኘ ነው።

አንድ ሽማግሌ አናጢ ለምስክርነት ቆሙ።

«እኛ ሬሳ ሳንለካ ሣጥን አንሠራም፤ ገደ ቢስ ነው። ይሄ ግን ሰውዬው በሞተ ዕለት ፖሊስ ሲያሳየኝ ቫርኒሹ ደርቆ ነበር።»

«ቀድሞ ተሠርቷል ማለት ነው፣ አባቴ?»

«ቀድሞ ነው እንጂ።»

ዐቃቤ ሕጉ እስክስታ ሊወርድ ምንም አልቀረው።

ቀጥላ የሟች ሚስት ቀረበች።

«ደግ ባል ነበር። አምፑል እንኳ ያለ ወንበር ነበር የሚለውጥልኝ። አሁን ለባሌ ላልቅስ ለወንድሜ?»

«አንቺ ለባልሽ አልቅሺ፣ እህቴ። የወንድምሽን ለእኔ ተይው» አላት ዐቃቤ ሕጉ። ከዚያም ወደ ተከሳሹ ዞረ። «ይሄን ሣጥን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም ጌታዬ። ደግሞስ ምን ጠብ ነበረንና? በዚያው ሰሞን እንኳ ኮት ላሰፋልህ ብሎ እየሳቀ ከአናቴ እስከ ተረከዜ ለክቶኛል።»

«እንዲህ የሚያስብልህን ሰው ነው እንግዲህ የገደልከው። የጓዳው ቁልፍ ማን ጋ ነበር?»

«እኔና እሱ ጋ ብቻ።»

«እሱ ሟች ነው። ሟች ደግሞ የሬሳ ሣጥን ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ?»

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ሣቁ ዐቃቤ ሕጉን እንደ ጠጅ አሰከረው፤ ማቆም አቃተው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሠሪው ሥራውን አላውቀውም ብሏል። እስቲ ገብቶ ይተኛበትና ይተዋወቁ።»

ዳኛው አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ተከሳሹ ጫማውን አውልቆ ተኛ፤ አናቱ ከራስጌው፣ ተረከዙ ከግርጌው ልክክ አለ።