ማን የት ተቀምጦ ነበር

ኢንጉን ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ወረቀት ላይ ክብ ትስላለች። ሃያ ሰባት ክብ፣ በአራት ረድፍ። ከሦስት ሳምንት በፊት መዘምራኑ በሰበካው አዳራሽ ለፋሲካ ሲለማመዱ የተቀመጡበት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የመራቻቸው እሷ ናት።

«ሁለተኛው ረድፍስ?» ትላለች ሲሰል፣ ኮሮናው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የምትመዘግበው የጤና ጣቢያው ነርስ።

«ከግራ ኦድቫር። ቀጥሎ እናትሽ...»

«እማዬን ጽፌያታለሁ።»

የሲሰል እናት ጉድሩን ከባሕር ወሽመጡ ማዶ ባለው ሆስፒታል በማሽን መተንፈስ ከጀመረች ስምንት ቀኗ ነው። ሌላ ሰው ቢደውል ኢንጉን በወደደች፤ ጤና ጣቢያው ያሉት ግን ሁለት ነርሶች ናቸው፣ አንዷም ታማለች።

«ቶርላይፍስ?»

«መጨረሻው ረድፍ፣ ጥግ ላይ። ከሁሉም ርቆ።» ቶርላይፍ ሐሙስ ዕለት ሞቷል። «ሲሰልዬ፣ የተባልነውን ሁሉ አድርጌያለሁ እኮ። ማንም አልተጨባበጠም። እጃቸውን በር ላይ በአልኮል አስጠርጌያለሁ። ወንበሩን አራርቄያለሁ። ኬክ እንኳ አላቀረብኩም።»

«አውቃለሁ እትዬ ኢንጉን። አሁን የሚጠረጠረው አየሩ ነው። ሰው በኃይል ሲዘምር ከአፉ የሚወጣው ጠብታ ሁሉ መሬት አይወርድም። ደቃቁ ተንሳፍፎ ይቀርና ቤቱን ይሞላዋል፤ ጥግ የተቀመጠውም አያመልጥም። መስኮት ከፍተሽ ነበር?»

ኢንጉን እርሳሱን ታስቀምጣለች። ከፍታ ነበር። ገና አንድ መዝሙር ሳይጨርሱ ጉድሩን ሻርፗን እስከ ጆሮዋ ስባ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በብርድ ልትፈጂን ነው?» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ያኔ ተነስታ ዘጋችው።

«ከፍቼ ነበር፤ በኋላ ዘጋሁት።»

«ለምን?»

«በረደኝ።»

ከወዲያ በኩል የኮምፒውተር ቁልፍ ይንኳኳል።

«ከዚያስ ስንት ሰዓት ዘመራችሁ?»

«ሁለት ሰዓት። የመጨረሻዋ ስንኝ አልሰምር ብላቸው ዘጠኝ ጊዜ አስደገምኳቸው። ከሆዳችሁ አውጡት እያልኩ።»

«የሳለ ሰው ነበር?»

«ማንም አልሳለም።» እውነቷን ነው።

«ከዚያ በፊት የታመመስ? ትንሽም ብትሆን። የደከመው፣ ጉሮሮውን ከርከር ያደረገው?»

የለም ብትል ማንም አያውቅባትም። ባሏም አያውቅም። ያን ዕለት ጠዋት ሞቅ ያለ ውሃ በማር ጠጥታ ወጣች፤ በማግስቱ ለቀቃት። አንድ ቀን እንኳ አልተኛችም።

«እኔን» ትላለች። «እኔን ጉሮሮዬን ከርክሮኝ ነበር። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነው አብሬያቸው የዘመርኩት።»

 የሲሰል ትንፋሽ ይሰማል፤ አንዴ ረዘም አድርጋ ታስወጣለች። ኢንጉን ስልኩ እስኪዘጋባት ትጠብቃለች። ብትጮህባትም፣ ብትሰድባትም ደስ ባላት።

ቁልፎቹ እንደገና መንኳኳት ይጀምራሉ፤ አሁን ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር የጀመረዎት?» ትላለች ሲሰል።

አፏን ከፈታች ጀምሮ አንቺ ስትላት የኖረች ልጅ ናት። ኢንጉን ሰዓቱን ትነግራታለች።