ግራ እጅ

አራት ዓመት ኮምፒውተር ተምራ፣ ለማስተማር ልምምድ የተላከችበት ትምህርት ቤት ግን መብራት ስለሌለው ሦስት ወር ሙሉ ኪቦርድ በጠመኔ ስትስል ከርማለች። ልምምዷን የሚያየው ገምጋሚ ከኮሌጅ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የቀድሞ መምህሯ ያደርጉት የነበረው ትዝ አላትና ተማሪዎቿን ሰብስባ መከረች።

«ነገ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ አውጡ። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። ግራውን ያወጣ አይጠራም።»

«ቲቸር፣ ሁላችንም ግራ ብናወጣስ?» አለች አንዷ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ለመሳቅ እንኳን አቅም አጣች።

በማግስቱ ገምጋሚው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲጽፍ ቆየ። በጠየቀች ቁጥር ክፍሉ በእጅ ይሸፈናል፤ እሷም ቀኝ ቀኙን እየለቀመች ትጠራለች። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ሰውየው ብድግ ብሎ ወደ ፊት መጣ።

«ጎበዞች ናችሁ። እስቲ እኔም አንድ ልጠይቅ፤ ከእናንተ መሀል እንደ እሷ መምህር መሆን የሚፈልግ ማነው?»

ስልሳ አራት እጅ ወጣ። ስልሳ አራቱም ግራ ነው።

ገምጋሚው ደስ ብሎት «ተማሪዎቿ ሙያውን እንዲወዱ አድርጋለች» ብሎ ለመጻፍ አቀረቀረ። እሷ ከጀርባው፣ ጠመኔውን ወደ ቀኝ እጇ አዛውራ፣ ግራዋን ቀስ ብላ አወጣች።