የጎደሉት ስድስት ክኒኖች

መድኃኒት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ክኒን አይታ ሳትቆጥር አታልፍም። ካቻቢቴ ፍለጋ የባሏን የሥራ ሳጥን ስትከፍት ከሽቦው ሥር እሽጉን አገኘችው። ማንበብ አላስፈለጋትም። ወንዶች ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቋት ክኒን ነው። ከስምንቱ ፍሬ ሁለቱ ጎድለዋል።

ባሏ ወገቤን አመመኝ ብሎ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረ ዘጠኝ ወሩ ነው። በዘጠኝ ወር ውስጥ እጇን እንኳ አልነካም።

እሽጉን ወደ ቦታው መለሰችው።

ባልየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ድሮ ቀልደኛ ነበር፤ «ሰው ከፍ ከፍ ሳደርግ ውዬ እኔ እዚሁ ምድር ቤት እቀራለሁ» እያለ ልጃቸውን በሳቅ ይገድላት ነበር። አሁን እራቱን በልቶ ግድግዳ ያያል። እሷ በየእሑዱ ትቆጥራለች። አምስት ቀረ። አራት ቀረ። አንዳንድ ማታ ኮቴው መኝታ ቤቷ በር ድረስ ይመጣና ይቆማል፤ ከዚያ ይመለሳል። መተኛቷን አረጋግጦ ለሌላዪቱ ሊደውል እንደሆነ ገባት።

ለእህቷ ነገረቻት።

«እህቴ ሙች፣ ለብቻው የሚተኛ ወንድ ያን ክኒን ለራስ ምታት አይውጠውም» አለች እህትየው።

ሐሙስ ፈቃድ ወስዳ ተከተለችው። ሳጥኑን ሳይዝ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ገባ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአንዲት ዘናጭ ሴት ጋር ወጣ። ሴትዮዋ ትከሻውን ይዛ ታወራዋለች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ለሚስቱ ያልነገራትን ሁሉ ለዚች ሴት እንደነገራት ከፊቱ ያስታውቃል።

ልጅቷን አክስቷ ጋ ልካ ባሏን ጠበቀችው። በእሽጉ ውስጥ ሁለት ፍሬ ቀርቶ ነበር።

«ስድስቱን ከማን ጋር ጨረስካቸው?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ጫማውን አየ።

«ሌላ ሴት አለች ወይ ነው የምልህ?»

«አለች በዪ» አለ በመጨረሻ። «እሱ ይሻላል።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ዘመድ አዝማድ ሊያስታርቃቸው ቢሰበሰብም እሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቤቱን ለእሷና ለልጅቷ ትቶ ፈረመ። የአሥራ አራት ዓመት ትዳር በአንድ ጠዋት አለቀ። ልጅቷ አባዬ መቼ ነው የሚመጣው ባለች ቁጥር እናትየው የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች።

በሦስተኛው ሳምንት ቁም ሳጥን ውስጥ ረስቶት የሄደውን ካፖርት አገኘች። ጠቅልላ ወደዚያ ሕንፃ ይዛው ሄደች። ሰውየውን ከወሰድሽ ልብሱንም ውሰጂ ልትላት መንገዱን ሙሉ አጥንታው ነበር። ሴትዮዋን ደረጃው ላይ ስታገኛት ግን ሁሉም ጠፋባት።

«የሊፍት ሠራተኛው ሚስት ነኝ» ብቻ አለች።

የሴትዮዋ ፊት በራ። በሁለት እጇ ጨብጣ ክፍሏ አስገባቻት። ከበሩ ጀርባ ነጭ ጋዋን ተሰቅሏል፤ ከጠረጴዛው ፊት ሁለት ወንበር አለ።

«እንኳን መጣሽልኝ። ሚስትህን ይዘህ ና ብዬ ስለምነው ስንት ጊዜዬ ነው» አለች ሐኪሟ። «ክኒኑን በዋጠ ቁጥር እኮ በርሽ ድረስ ይመጣል፤ አሁንም ባልችልስ ብሎ ሳያንኳኳ ይመለሳል።»